ማሰሪያውን የሚያላላ እጅ

ግድግዳ ለሐረግ ምንም ዕዳ የለበትም። የቆመው ጣሪያ ሊሸከምና ብርድ ሊከለክል ነው። ለንደን ውስጥ ከሼፈርድስ ቡሽ አረንጓዴ ሜዳ ወጣ ብለው ባሉት መንገዶች ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙት የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች ብዙዎቹ በለንደን ቢጫ ጡብ የተሠሩ ናቸው፤ የድሮው የከሰል ጭስ አጥቁሯቸዋል። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ከአንዳንዶቹ ፊት ሐምራዊ አበባ በዘለላ በዘለላው ቁልቁል ይወርዳል። ዊስቴሪያ ነው። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ፎቶ ያነሣል፤ አበባውን የተሸከመውም ግድግዳው ይመስለዋል። ግድግዳው ግን አንድም ዘለላ አልተሸከመም። ዊስቴሪያ ግድግዳ መያዝ አይሆንለትም።

በዚህ ከተማ ግድግዳ ለግድግዳ የሚወጡት ተክሎች አወጣጣቸው አንድ አይደለም። አይቪ የሚባለው ከግንዱ በሚያበቅላቸው ጥቃቅን ሥሮች ጡቡን ጨምድዶ ይይዛል። የቨርጂኒያ ሐረግ ደግሞ በቀጫጭን ጣቶቹ ጫፍ ባሉት የሚጣበቁ መዳፎች እየተለጠፈ ይወጣል። ለዊስቴሪያ ይህም ያም አልተሰጠውም። የተሰጠው መጠምጠም ብቻ ነው፤ ለመጠምጠም ደግሞ ዙሪያውን ሊያቅፈው የሚችል ቀጭን ነገር ይሻል። ባዶ ግድግዳ ሥር ቢተክሉት ለጋ ቀንበጡ በአየር ላይ ሲዞር ይቆይና ወይ በራሱ ላይ ይጠመጠማል፣ ወይ መሬት ላይ ይተኛል። ቻርልስ ዳርዊን ታሞ ከክፍሉ መውጣት ባቃተው ጊዜ ለቢራ የሚውለውን ሆፕ በሸክላ አስተክሎ የቀንበጡን ጫፍ ሌት ተቀን ይከታተል ነበር። ሐረግ የሚደገፍበትን ከማግኘቱ በፊትም ጫፉን በአየር ላይ እያዞረ እንደሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ጥናት አስረዳ። ድጋፍ መሻትን እንደ ነውር የሚቆጥር ሰው ሲያጋጥመኝ የምመልስለት በዚህ ነው። ፍለጋው የተፈጥሮው ሥሪት የሆነ ፍጥረት አለ፤ ደግሞም ሰነፍ አይደለም። ሳያርፍ ሲዞር ነው የሚውለው።

እንግዲህ በግድግዳውና በተክሉ መካከል ሦስተኛ ነገር መግባት አለበት፤ እሱም ሽቦ ነው። ጡብና ጡብ የተያያዘበትን ኖራ በትራፓኖ መብሳት፣ ፊሸር መክተት፣ ጫፉ ቀለበት የሆነ ረጅም ብሎን ማጥበቅ፣ ከዚያም ዝገት የማይበላውን ወፍራም ሽቦ በቀለበቶቹ ውስጥ አሳልፎ አግድም መወጠር። በአንዱ ሽቦና በሚቀጥለው መካከል 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። ሽቦው ራሱ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ከሥራው ሁሉ የእኔን ሐሳብ የሚይዘው ይህ ጠባብ ክፍተት ነው። ነፋስ የሚያልፈው፣ ጡቡ ከዝናብ በኋላ የሚደርቀው፣ ግንዱ ሲወፍር ቦታ የሚያገኘው በእሱ ነው። ተክሉን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ያሰረ ሰው ሁለቱንም ይጎዳል፤ ጡቡ እርጥበት ይይዛል፣ ግንዱም በነፋስ በተነቃነቀ ቁጥር ይፋቃል።

ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች አንድ ሕግ አላቸው። ዋናው ግንድ በሽቦው ላይ እንዲጠመጠም አይተዉም። ተክሉ የሚችለው መጠምጠምን ብቻ ሆኖ ሳለ ግንዱ እሱኑ ይከለከላል። ከሽቦው ፊት እንዲያልፍ ተደርጎ በለስላሳ ሲባጎ፣ በስምንት ቁጥር ተሻግሮ በሚቋጠር ማሰሪያ ይያዛል። ዛሬ የእርሳስ ውፍረት ያለው ግንድ ከዓመታት በኋላ የሰው ክንድ ያክላል። ያን ጊዜ የተጠመጠመበትን ሽቦ ወይ ይውጠዋል፣ ወይ ብሎኑን ከነኖራው ነቅሎ ያወጣዋል። የዝናብ ውሃ ከአሸንዳ የሚወርድበት ቱቦ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ቁልቁል የቆመ፣ ቀጭን፣ ለመታቀፍ የተሠራ ይመስላል፤ ዊስቴሪያ ካገኘው አይለቀውም። በወፈረ ጊዜ ግን ቱቦውን አጣሞ ከግድግዳው ይገነጥለዋል፤ እሱም አብሮ ይወድቃል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲየራ ማድሬ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1894 የተተከለ ዊስቴሪያ ዛሬ አንድ ኤከር ያህል መሬት ሸፍኗል፤ መጀመሪያ የተደገፈበትን ቤት በክብደቱ እንዳፈረሰው ይነገራል። ለመያዝ የቀለለ ሁሉ ለመሸከም አይበቃም።

የቻይናው ዊስቴሪያ እንግሊዝ የገባው እ.ኤ.አ. በ1816 በሻይ ንግድ መርከቦች ከካንቶን ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሰሬ ውስጥ በሚኖር ባለጸጋ እጅ ገባ። ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ነውና ሙቀት ይሻል ተብሎ በእሳት በሚሞቅ የመስታወት ቤት ተቀመጠ። ተባይ ፈጀው። ቀጥሎ ወደ ቀዝቃዛ ቤት ተዛወረ፤ ውርጭ መታው። ከሁለቱም ተርፎ በ1819 አበበ። ዛሬ ያው የተክል ዓይነት ማንም ሳይሸፍነው የለንደንን ክረምት ውጭ ግድግዳ ላይ ያሳልፋል። እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ እንዲያውም ሳስተውለት ነው። ነገር ግን የሚያስፈልገውን የወሰኑለት ከየት እንደመጣ በመገመት እንጂ እሱን በማየት አልነበረም። እዚህ ከተማ በስደት የገባ ሐበሻ ሁሉ ይህን ዓይነቱን ደግነት ያውቀዋል። የሚሞቅ ክፍል ይሰጡሃል፤ አንተ የምትፈልገው ሥራ ነው።

ከሼፈርድስ ቡሽ ተነሥቶ በጎልድሆክ መንገድ ወደ ምዕራብ በእግሩ የሄደ ሰው ሳይደክም ቺዚክ ይደርሳል። እዚያ ግሪፊን በሚባለው አሮጌ ቢራ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ያለው ዊስቴሪያ ከዚያው ከ1816 ጀምሮ እንደኖረና በአገሩ በዕድሜ አንደኛ እንደሆነ ይነገርለታል። በኪው የዕፅዋት ቦታ ተተክሎ የነበረው መንትያው ሲሞትም ከቺዚኩ ተቆርጦ ተተካ ይባላል። ሁለት መቶ ዓመት አለፈው። ቢራ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2019 ለአንድ የጃፓን ኩባንያ ተሸጧል። መጀመሪያ ያሰረው እጅ ማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም፤ ማሰሪያውም ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የቆጠረ የለም። ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘው ጠንካራ ሽቦ ስለነበረው አይመስለኝም። የትኛውም ሽቦ ይህን ያህል አይቆይም። ሁልጊዜ አንድ ሰው ተመልሶ መጥቶ ስለነበረ ነው።

የመከርከሚያው ወቅት በእኛ አቆጣጠር ለማስታወስ ይቀላል። አንደኛው ፍልሰታ ሲገባ ነው፤ ሁለተኛው ጥምቀት ሲያልፍ። በበጋቸው አበባው ከረገፈ በኋላ ተክሉ ረጃጅም አረንጓዴ አለንጋዎች ይለቃል፤ መስኮት ይጋርዳሉ፣ ከጣሪያው ክዳን ሥር ይገባሉ። የግንዱን መዋቅር ለመዘርጋት ከሚፈለጉት በቀር እያንዳንዳቸው አምስት ስድስት ቅጠል ተቆጥሮ ይቆረጣሉ። በጥር ደግሞ ያው የተቆረጠው ቀንበጥ ሁለት ሦስት እንቡጥ ብቻ እስኪቀረው ድረስ እንደገና ያጥራል። ጥር ላይ የሚታየው ቅጠሉ ረግፎ የቀረ ግራጫ እንጨት ብቻ ስለሆነ ዓይን አይበቃም፤ በአውራ ጣት መዳበስ ያስፈልጋል። የአበባው እንቡጥ ወፈር ያለ፣ ጫፉ የደነዘ፣ በላዩም ስስ ጠጉር ያለው ነው። የቅጠሉ ቀጭንና ሹል ሆኖ ከእንጨቱ ጋር ተለጥፏል። በብርድ የደነዘዘ ጣት ሁለቱን ለመለየት ጊዜ ይወስዳል፤ የሚቸኩል ሰው የግንቦትን አበባ በጥር ቆርጦ ይጥላል።

ሳይከረከም የተተወ ዊስቴሪያ አይሞትም። እንዲያውም ያድጋል። ጉልበቱን ሁሉ በርዝመት ይጨርሰዋል። ዝርያው የባቄላና የአተር ነው፤ በሥሩ ላይ ባሉት ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ስለሚያገኝ ፍግ ያበዛለት ሰው የሚያጭደው ቅጠል ነው። ከዘር የበቀለ ከሆነ ደግሞ እስኪያብብ 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ለዚህ ነው ሰው ካበበ ተክል ላይ የተዳቀለውን የሚገዛው። ይህን ሳስብ በየሁለት ዓመቱ ቤት የሚቀይሩት የሰፈሬ ተከራዮች ይመጡብኛል። አንዱ ተክሎ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ከርክሞ ይሄዳል፣ አበባውን የሚያየው ሌላ ነው።

መሰላል የምይዝላቸው አንድ ጋሼ አሉ። ያደጉት ጅማ አካባቢ ቡና ውስጥ ነው፤ እዚህ ከመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ አሁን ጉልበታቸው ቢያስቸግራቸውም መቀሱን ለሰው አይሰጡም።

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገና ለምለም ነው፤ ለምን ይቆረጣል?” አልኳቸው።

“ለምለም ስለሆነ ነዋ። የደረቀውንማ ማን ያየዋል? አትሳሺለት፣ ልጄ። ቅጠል ቁጠሪ፤ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ንገሪኝ።”

እሳቸው የዊስቴሪያን ጠባይ ያወቁት በቡና በኩል ነው። ያረጀ ቡና ምርቱ ሲቀንስ ይጎነደላል፤ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተብሎ፣ የዝናብ ውሃ ቁስሉ ላይ እንዳይተኛ በሰያፍ ይቆረጣል። ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ይወጣል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠንካሮች ተመርጠው የቀሩት ይነሣሉ። ቡናው ይታደሳል። ነገር ግን ገበሬው ከዚያ እግር ሁለት ዓመት ያህል ምርት አያገኝም። የግብርና ባለሙያ ጉንደላን ሲመክር ብዙ ገበሬ የሚያመነታው ባለማወቅ አይደለም። ልጆቹ ዘንድሮም መብላት አለባቸው። ጋሼ እንደሚሉት አባታቸው ማሳውን በሙሉ አንድ ጊዜ ጎንድለው አያውቁም፤ ከዳር እየጀመሩ፣ ዘንድሮ ይህን ረድፍ፣ ለሚመጣው ያንን። ምክንያቱም ቆራጩም ተራቢውም እሳቸው ነበሩ። ቢላውን የያዘው ሰው የቆረጣውን ዋጋ ራሱ ሲከፍል እጁ ይጠነቀቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምሰማውን አንድ ነገር መቃወም አለብኝ። በስብከትም፣ በሠርግ ንግግርም፣ በማኅበር ስብሰባም መከራችን መከርከሚያችን ነበር ይባላል። ስደቱ ቆረጠን፣ ስለዚህ ልጆቻችን ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው አበቡ ይባላል። የዮሐንስ ወንጌል የወይን ግንድና የገበሬው ምሳሌም ይጠቀሳል፤ ፍሬ ያለው ቅርንጫፍም ከመነካት እንደማይቀር የሚናገረው ክፍል። ምሳሌውን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ። ነገር ግን በዚያ ምሳሌ መቀሱን የያዘው ገበሬ ነው፤ ወይኑን የተከለ፣ ቅርንጫፉን ለይቶ የሚያውቅ፣ ለሚመጣው ዓመት የሚመለስ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ወጣት እየገደሉ የጣሉ ሰዎች ምንም አልከረከሙም። እንቡጥ የዳበሰ ጣት አልነበራቸውም። ማታ ከቤቱ የተወሰደ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ለማንም አበባ የተከፈለ ዋጋ አይደለም። ነፋስ የገነጠለውን ቅርንጫፍ ተከረከመ አንልም፤ በጥይት የተቆረጠውንስ ለምን እንላለን?

ከዚያ ሸሽተው፣ ስንቶቹ በእግራቸው ሱዳን ገብተው፣ እዚህ የደረሱ ሰዎች ካበቡ ያበቡት ስለተቆረጡ አይደለም። ከቁስሉ በታች የቀረውን ጉጥ አይቶ ያሰረላቸው ሰው ስለነበረ ነው። የማያውቀውን የአገሩን ሰው ሳሎኑ ውስጥ ያስተኛ፣ የመንግሥት ደብዳቤ ያነበበለት፣ ሐኪም ዘንድ አብሮት ሄዶ ያስተረጎመ፣ የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘለት ሰው። ኡክስብሪጅ መንገድ ላይ እንጀራና በርበሬ ከሚሸጡ ሱቆች ባንኮኒ ኋላ ብዙ እንዲህ ዓይነት ታሪክ አለ። ምስጋናው ለምላጩ እንዳይሰጥ እፈራለሁ፤ የሲባጎው ነው።

ሲባጎም ቢሆን የራሱ ጉዳይ አለው። ቀንበጡን ከነፋስ ያዳነው ቋጠሮ ካልተላላ፣ ግንዱ ሲወፍር ቅርፊቱን ዙሪያውን ይቆርጣል። ምግብ በቅርፊቱ ውስጥ ነው የሚወርደው፤ ዙሪያው ከታነቀ ያ ክፍል ቀስ ብሎ ይሞታል። ክፋቱ ከውጭ ሲታይ ለዓመታት ምንም አለመምሰሉ ነው። ቅጠሉ ይለመልማል፤ ማሰሪያው ግን ሥራውን ይሠራል። እኛ ዘንድ ይህ ውለታ ይባላል። ያስጠጋህ ሰው ሚስት ስትመርጥ አስተያየት አለው፣ ቤተ ክርስቲያን ስትቀይር ይቀየማል፣ በምርጫም በፖለቲካም ከእሱ ወገን ሳትሆን ስትቀር፣ “ያኔ ማን ነበር የተቀበለህ?” ይልሃል። ያኔ የተቀበለው እሱ ነው፤ እውነት ነው። ቋጠሮውም ያኔ ልክ ነበር። ልክ ሆኖ የቆየ ግን አይደለም፤ ታሳሪው አድጓል። ደጋግ ሰዎች በዚህ እንዴት እንደሚያጠፉ ሳይ አዝናለሁ፤ ጥፋታቸው ከደግነታቸው በኋላ ተመልሰው ቋጠሮውን አለማየታቸው ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ከልጅ ጋር ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ አማርኛ እንዲናገር ብዙ ወላጅ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ይከለክላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ወደሚማርበት ይወስደዋል። ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ሕጉ ይሠራል፤ እኔ ደጋፊው ነኝ። ያለ ሽቦ የተተወ ቀንበጥ መሬት ላይ ነውና የሚተኛው፣ ልጁ ይምረጥ ብለው ገና ሳይዙት የለቀቁትን አላደንቅም። አሥራ አምስት ሲሞላው ግን ያው ሕግ ሌላ ነገር ይሆናል። በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ የትምህርት ቤቷን ጉዳይ፣ የጓደኛዋን ጠብ፣ የምትፈራውን ነገር የምታስብበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ካልሆነ አትናገሪ ስትባል በአማርኛ አትናገርም፤ ዝም ትላለች። እራት ላይ “ደህና”፣ “እሺ”፣ “በቃኝ” ትላለች፤ እናቷም ልጄ አማርኛ ትችላለች ትላለች። እኔ የማውቃት አንዲት እናት ይህን አይታ ሕጉን አላላችው። የልጅቷ የራሷ ነገር በፈለገችው ቋንቋ ሆነ፤ አማርኛው ለቡና ሰዓት፣ ለአያት ስልክ፣ ለጸሎት ቀረ። ዘመድ ተወቻት ብሎ አማት። አልተወቻትም፤ ቋጠሮውን ከፍታ እንደገና ሰፋ አድርጋ ቋጠረችው። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ እጅ ይፈልጋል፤ ለዓመታት የያዘውን ነገር እየደገፉ መፍታት ነውና።

ማንም ሳይመለስለት የቀረ አሮጌ ተክል ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ሽቦው ግንዱ ውስጥ ገብቷል። ከአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ እንጨቱ ከላዩ ተዘግቶ ከንፈር አበጅቷል። ባለፈው ጥር ጋሼ ዘንድ እንዲህ ዓይነት ግንድ ገጠመን። እኔ ቅርፊቱን ሰንጥቀን እናውጣለት አልኩ።

“እንዴት ብለሽ? ስታወጪው እኮ ነው የምትገድዪው” አሉ። “ይሄ ካሁን በኋላ አካሉ ነው። ከግራም ከቀኝም ቁረጪውና ተዪው፤ ውስጡ ይቅር። መወጠሩ ነው የሚጎዳው እንጂ መኖሩ አይደለም።”

ፒንሳውን ተቀብዬ ግራና ቀኙን ቆረጥኩ። ሁለተኛው ጫፍ ሲለቀቅ ግንዱ ከግድግዳው ትንሽ ወደ ፊት መጣ፤ ጋሼ በትከሻቸው ደግፈው ያዙት። እንግዲህ ሳይመሽ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጎ አዲስ መወጠር ያስፈልጋል። ባለ ቀለበት ብሎን ስንቆጥር ሁለት ጎደለን። ጋሼ ግንዱን በሁለት ሲባጎ ከላይኛው ሽቦ ጋር ለጊዜው አንጠልጥለው፣ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ድረሺ ብለው ወደ ኡክስብሪጅ መንገድ ላኩኝ።